አሥራ ሰባት ሴንቲ

ማራኪ ሠፈር ነው፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፤
የባሕር ዛፍ መቆሚያው ከእግሬ ሥር ሲለያይ
ሲሚንቶ የሞላው ባልዲዬ ቀደመኝ፤
እኔም ተከተልኩት። ማን ይዞ ያስቁመኝ?

ከዚያ ወዲያ ያለው የማማሩ ወሬ ነው፤
በጣውላ አጋድሞ ባጃጅ ላይ የጫነኝ፣
እግሬ በውጭ ቀርቶ፣ ሆስፒታል እስክንደርስ
«አይዞህ አዛናው» እያለ ያለቀሰው እሱ ነው።

ብረት አስገቡልኝ፣ ብሎኑ ስምንት፤
ኮለን ሆነ እግሬ፣ ፌሮ የታሠረለት።
ኮለን ግን አይራመድም። እሱ ነው ጭንቀት።

ሁለት ወር በጀርባዬ ጣራውን ስመረምር
ስንጥቁን አየሁት ከጥግ ሲጀምር፤
«ይሄን የለሰነው ሰው ቸኩሏል» እያልኩኝ
የራሴን ችኮላ መርሳቱን ቻልኩኝ።

ጠያቂ ሲመጣ ብርቱካን ይዞ
«ቀስ በቀስ እንቁላል…» ይለኛል ተክዞ።
እንቁላሉ በእግሩ ሄደ እንበል፣ ይሁን፤
ማን አስሮበት ነበር ስምንት ብሎኑን?

እናንዬ ትባላለች፣ የፊዚዮዋ ልጅ፣
ቁመቷ ደረቴ ጋ፣ ድምጿ የአዛዥ።
«እጠፍ» ትላለች። አይታጠፍም እላለሁ።
«ዘርጋ» ትላለች። የእናቴን ስም እጠራለሁ።
የከረመ ማጠፊያ ሆኖ ጉልበቴ ሲንቋቋ
ሁለት ክንድ ባላት ማስመሪያ ትለካለች እሷ፤
አርባ። አርባ አምስት። ሳምንት ሙሉ አርባ አምስት።
ዘጠና ድሮ ለእኔ ስኳድራ ነበረች፣
ከመሣሪያ ሣጥኔ የማትጠፋኝ፤
አሁን አገር ሆነች፣ ስንቅ ተይዞ የሚኬድባት፣
መንገዷ የጠፋኝ።

ጥግ ላይ የእንጨት ደረጃ አለች፤ ሦስት ወደ ላይ፣ ሦስት ወደ ታች፣
የትም አታደርስም፣ ወጥተው ሊወርዱባት ተሠራች።
«ስትወጣ ደህነኛው ይቅደም፣ ስትወርድ የተሰበረው።»
አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ጫማዬ ጫፉን ነካው።
ድጋፉን ይዤ ተረፍኩ። «ድገም» አለች። ደገምኩ። ነካው።
«ይሄ እርከን ይበልጣል» አልኩ።
«ሰበብ!»
«ሜትር አምጪ» አልኩ።
አሥራ ሰባት።
አሥራ ሰባት።
አሥራ ዘጠኝ ከግማሽ።

እናንዬ ሜትሩን አጥፋ ቁጭ አለች ከአጠገቤ፤
«ስንቱ እዚህ ጋ ሲደርስ ‹አልችልም› ብሎኝ ሄደ»
አለች ቀስ ብላ። እኔ ግን ሌላ ጋ ነበር ሐሳቤ፤
ሃያ ዓመት ሙሉ ደረጃ ሳፈስ፣
ያልገጠመችውን ሴንቲ፣ የተረፈችውን ስሕተት
ለመጨረሻው እርከን አሸክሜ ስመለስ፤
አራዳ ላይ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ፣
«ልጄ፣ አራተኛው በጣም ከፍ አለብኝ» ሲሉኝ
«ይለምዱታል» ብዬ ብሬን ቆጥሬ መውጣቴ ነው ትዝ ያለኝ።

በሁለት ጤነኛ እግር ያልገባኝ ሙያዬ
በአንድ እግር ተኩል ገባኝ።

በማግስቱ ማማሩ መጋዝ ይዞ መጣ፤
ሁለት ሴንቲ ተኩል ከእንጨቷ ወጣ።
ዘጠና የደረስኩት ግንቦት ሲያልቅ ነው፤
እናንዬ አላጨበጨበችም፣
«መቶስ?» ነው ያለችው።

አሁንም አነክሳለሁ። ጎንደርም አቀበት ናት።
ክረምት ሲመጣ ብረቴ ከደመናው ቀድሞ ያውቃታል።
ርብራብ ላይ አልወጣም፤ ደረጃ ያለበት ቤት ግን
አሁን በስሜ ይጠራኛል፤
ቱንቢዬን ሳላወጣ እግሬ ቀድሞ ይለካል።

እትዬ ጥሩወርቅ አዘዞ፣ ልጃቸው ዘንድ፣ በከረሙበት ሳምንት
አራቱንም እርከን አፈረስኩ፤ አምስት አድርጌ አፈሰስኳቸው፣
እያንዳንዳቸውን አሥራ ሰባት።
ተመለሱ። ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።
በልቤ ቆጠርኩላቸው። መሃል ላይ አልቆሙም፣
ግድግዳም አልያዙም።
በራፉ ላይ ዞር ብለው ቁልቁል አዩት፣ እኔን ግን አላዩኝም፦
«አምስት ሆኖ» አሉ፣
«እንዴት አነሰ?»